የሚተርፉት አሥራ አንዱ

ኣያ ጠዓመ በየጧቱ፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ከትሪው ላይ አንድ አዝራር ያነሡና ጠረጴዛው ላይ ይለቁታል። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አዝራሩ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ «ደኅና ነን» ይሉና ካፖርታቸውን ይሰቅላሉ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን አዝራሩን ኪሳቸው ከተው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ አዝራር ወደሚበሳበት ክፍል ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋና በሥራ የተጠመድን እንመስላለን።

አዲስ ሳለሁ ዝም ብሎ ልማድ መስሎኝ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ደጃፍ ሲሻገር እንደሚያማትበው። በኋላ ነው የገባኝ። ፋብሪካችን አዝራር የሚሠራው ዓርኮብኮባይ ከሚባለው የቆላ ዘንባባ ፍሬ ነው። የፍሬው ውስጥ እንደ አጥንት ነጭና ጠንካራ ነው። ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፤ ሸሚዝ ላይ ተሰፍቶ፣ በሦስተኛው እጥበት ነው የሚከዳው። የተሰነጠቀውን ከደኅናው የሚለዩት ጆሮና የጣት ጫፍ ብቻ ናቸው። ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል። ኣያ ጠዓመ አርባ አራት ዓመት ስለሠሩበት ከአንድ አዝራር የመላውን ፋብሪካ ጤና ያውቃሉ።

«ኣያ» ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። ልጆቹም አሮጊቶቹም፣ ዘበኛውም ሳይቀር፣ ኣያ ይሏቸዋል። በወረቀት ላይ የመልቀሚያ ክፍል ካፖ፣ ማለትም አለቃ፣ ናቸው። በመልቀሚያው ክፍል አዝራሩን በቀለም የሚመድቡና የተሰነጠቀውን የሚለዩ ሃያ ሴቶች አሉ።

እኔ የተቀጠርኩት በ1961 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካውን አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ከጣሊያናዊው ባለቤት ገዛው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገባውም የሚወጣውም ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ ሆነ። ቢሮው ውስጥ ጣሊያንኛ የሚጽፉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ አማርኛ ደፍሮ የሚጽፍ ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ግጥም አጥንቼ መመለሴ ነበር። እርስ በርሳችን የምናወራው በትግርኛ ስለሆነ፣ እዚህ የምጽፈውን ንግግር አብዛኛውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ምን ተማርሽ፣ ጓለይ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

«ግጥም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን?»

«ግጥም።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሣቁም። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቃል ሲወድቅ ድምፁን ትለያለሽ» አሉ። ቀጥለው ሣጥናቸውን አወጡ።

ሣጥኗ የሻሂ ቅጠል መጥታባት የነበረች የጣውላ ሣጥን ናት። ውስጧን በቀጫጭን ጣውላ አምስት ቦታ ከፍለዋታል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓመት ነው። እያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ አዝራር አላት፤ ለዘጠኙ አንጋፋዎች ቡናማ፣ ለአሥራ አንዱ ልጆች ነጭ። አንዲት አንጋፋ ሥራ ትተዋለች ብለው በሚያስቡበት ዓመት ክፍል ውስጥ አዝራሯን ያስቀምጣሉ። ነጮቹ እያንዳንዳቸው በክር ከአንድ ቡናማ ጋር ታስረዋል።

«ለምን ታሰሩ?» አልኳቸው።

«አንዷ ስትሄድ ሙያዋን ይዛ እንዳትሄድ።»

ነገሩ የተጀመረው ጣሊያኖች ከተሸነፉ በኋላ ነው። የመጋዞቹን ጥርስ ይሞርድ የነበረው ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ተመለሰ። በማግስቱ መጋዙ ፍሬውን መቁረጥ ትቶ ያኝከው ጀመር። እንደሱ አድርጎ የሚሞርድ ሰው ጠፍቶ ፋብሪካው ሁለት ወር ሙሉ ቆመ። «ሻንጣውን እስከ ባቡር ጣቢያ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ» ይላሉ ኣያ ጠዓመ። «ቀላል ነበር። የኛ እንጀራ ውስጡ እንዳለ በምን ልወቅ?» ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሣጥኗን ይዘዋል። ያዘዛቸው የለም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዝራሮቹን ያዛውራሉ። ከዚያ በፊት ግን በመልቀሚያው ክፍል ይዞራሉ። የማን ልጅ ታጨች፣ የማን ጉልበት አመማት፣ ማን ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ አሰበች፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ፊት ለፊት ግን አንድም ሰው አይጠይቁም። አንድ ቅዳሜ ከኣደይ ኣብርሄት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ፤ ኣደይ እናቴ እንደማለት ነው። ኣደይ ኣብርሄት ከሁሉም የተካኑ ለቃሚ ናቸው፤ ኣያ ጠዓመን በአንድ ዓመት ይቀድሟቸው እንደሆነ እንጂ እኩዮች ናቸው። ኣያ ጠዓመ ከኪሳቸው ቁራጭ ክር አወጡ።

«ኣብርሄት፣ ይህ ክር ቀለሙ ምንድን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ታወርክ እንዴ?»

«መነጽሬን ረስቼ ነው።»

«መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው፣ ኣያ» አለች ከጎን የተቀመጠችው ጽገ። ጽገ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዓባ ሻውል ሰፈር በእግሯ እየመጣች ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ፣ ምላሷም ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ናት። ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

ኣደይ ኣብርሄት አልሣቁም። ክሩን ትክ ብለው አዩት። «ቀይ ነው» አሉ።

ክሩ አረንጓዴ ነበር። ጽገ ሣቋን ዋጠች።

«እወ፣ ቀይ ነው» ብለው ተስማሙ ኣያ ጠዓመ፤ ክሩን ወደ ኪሳቸው እየመለሱም አመሰገኗቸው። «የቐንየለይ፣ ኣብርሄት። ዓይንሽን ያቆይልን።» ቢሮ ገብተው የኣደይ ኣብርሄትን አዝራር ከሦስተኛው ዓመት ወደ መጀመሪያው አዛወሩ። እጃቸው ላይ ቆይታ ነው የገባችው። ከዚያ ጽገን አስጠሩ። «ከሰኞ ጀምሮ ከኣደይ ኣብርሄት ጎን አትነሺ። ምላስሽን ቤት አስቀምጪውና ጆሮሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። ኣደይ ኣብርሄት ከዓይናቸው ይልቅ በጣታቸው መልቀም ከጀመሩ ዓመት እንዳለፋቸው ያን ቀን አወቅሁ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ጠረጴዛቸው ብቻ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ኩባንያው በሦስት ዓመት ውስጥ የፕላስቲክ አዝራር የሚሠራ ማኪና ያስገባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ለመጪው አምስት ዓመት ምን ያህል ሰው፣ ከምን ዓይነት ሙያ ጋር እንደሚያስፈልገው በሠንጠረዥ ጽፎ ይላክ ይላል። ለኣያ ጠዓመ ተርጉሜ ሳነብላቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጠየቁን?» አሉ። «በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

በማግስቱ ጠጉራቸውን ተቆርጠው፣ የእሑድ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ለአራት ቀናት በየከሰዓት በኋላው አብረን ተቀመጥን። እሳቸው አዝራር እያነሡ በትግርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ይህቺ በዚህ ዓመት ትሄዳለች፤ ይህቺ ትተርፍና ማኪናውን ትማራለች፤ ለዚህቺ አንዲት ልጅ እንቅጠር። ሦስት ዐምድ አሰመርኩ። ለመጀመሪያው «የሚሄዱ» አልኩት፣ ለመጨረሻው «የሚቀጠሩ»። ለመካከለኛው መጀመሪያ «የሚቀሩ» ብዬ ነበር፤ ከሥራ የሚቀሩ፣ ቀሪ የሚሆኑ እንዳይመስል ብዬ ሰረዝኩት። በላዩ «የሚተርፉ» ብዬ ጻፍኩ። ኣያ ጠዓመም በትግርኛ ያሉት እሱን ነበርና ታማኝ የሆንኩ መሰለኝ። ጽሑፉ አምሮ ነበር። ወረቀቱን ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ ፈርመው ላኩት።

መልሱ በጥር መጣ። ቆሜ ነበር ያነበብኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። «በራሳችሁ ዕቅድ ትርፍ መሆናቸውን የገለጻችኋቸው አሥራ አንድ ሠራተኞች እስከ የካቲት ወር መጨረሻ እንዲሰናበቱ ተወስኗል» ይላል።

በትግርኛ ተረፈ ማለት ቀረ፣ ባለበት ቆየ ማለት ነው። አማርኛውን ግን ለዚህ አንባቢ አላስተምረውም። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ስለሚኖሩ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሲወጣ አላየሁትም።

«ምን ይላል?» አሉ ኣያ ጠዓመ።

ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ትሪ ልትመልስ የመጣችው ጽገ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው፤ አማርኛ በትምህርት ቤት ተምራለች።

«ትርፍ?» አለች። «እንደ ትርፍ አንጀት? እንግዲያው ሐኪም ይላኩና ቀደው ያውጡን!» ቀልዷ መንገድ ላይ ቀረ። የአሥራ አንዱን ስም ዝርዝር እስከ ታች ወረደችበት። የእሷ አራተኛ ነበር። እናቷ ከታመሙ ወዲህ የቤቱን ምጣድ የምታስጥደው እሷ ናት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች፤ እስከዚያ ቀን ቀስ ብላ ያስቀመጠችው ነገር አልነበረም።

ስሕተት ነው ብለን ጻፍን። ጉዳዩን የሚያጣራ ሰው እንልካለን የሚል መልስ ብቻ ደረሰን። በነዚያ ሦስት ሳምንታት አንጋፋዎቹ ልጆቹን ማስተማር አላቆሙም፤ እንዲያውም ይጣደፉ ጀመር። ኣደይ ኣብርሄት የጽገን ጣት በጣታቸው ይዘው «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ አልሰማሽም?» ይላሉ። ጽገም «ለማን ብዬ ልስማ?» ትላቸዋለች፤ ከዚያ ግን ትሰማለች። እኔ በመልቀሚያው ክፍል ማለፍ አፍሬ በግቢው ዞሬ እገባ ነበር። ያ ቃል የእኔ ነው ብዬ ልነግራቸው በየቀኑ እነሣለሁ፣ በሩ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ።

ሰውየው በአውሮፕላን መጣ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ትሑት ነው፣ ግን ይቸኩላል። ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«አቶ ጠዓመ፣ ይህን የጻፈ ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኣያ ጠዓመ ቶሎ ብለው፣ ጉሮሮ በበዛበት አማርኛቸው። «ጓለይ፣ ሣጥኗን አምጪልኝ።»

«ግን እኮ፣ ኣያ…»

«ሣጥኗን።»

ይዤ ስመለስ ሰውየው እየሣቀ ነበር፤ ክፉ ሣቅ አልነበረም።

«እንግዲህ በእናንተ ዘንድ ተረፈ ማለት ቀረ ማለት ነው።»

«እወ። ባለበት።»

«በእኛ ዘንድ ግን እንደ ምሳ ትራፊ ነው።»

«በኛ ቤት የተረፈ ምሳ አይጣልም፣ ጌታይ» አሉ ኣያ ጠዓመ። «የማታ ነው።»

ሰውየው እንደገና ሣቀ፣ ከዚያ ሣቁን ተወ። «ቃሉ ገባኝ። ነገር ግን አለቆቼ ቁጥሩን ወደውታል። ፕላስቲክ ከመጣ የሚለቀም ነገር ይቀንሳል። ቃሉ ተሳስቶ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንስ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቃሉ ከታረመ ሁሉም የሚታረም ይመስለኝ ነበር።

ኣያ ጠዓመ ሣጥኗን ወደ ሰውየው ገፋ አደረጓት። «እርስዎ ራስዎ ያውጧቸው። ነጮቹን።»

ሰውየው አንዱን ነጭ አዝራር ሳበ። ቡናማው እየተንጠለጠለ ተከትሎ ወጣ። ሌላውን ሳበ፤ ያም እንዲሁ። ሁለቱን በአየር ላይ ይዞ ቀረ።

«ለምን ታስረዋል?»

«ያቺ ይህቺን እያስተማረች ነው። ገና አልጨረሰችም።»

«ልበጥሰው?»

«ክር ነው፣ ይበጠሳል። ነጮቹን ኪስዎ ይክተቷቸው። ሄዱ እንበል።» ከዚያ በቡናማዎቹ ጀመሩ፣ አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው። «ይህቺ ኣብርሄት ናት፣ ዓይኗ እስከ ሐምሌ ነው። ይህቺ ጉልበቷን ያማታል። ይህቺ ልጇ ከረን አግብታለች፣ የልጅ ልጅ ሲወለድ ትሄዳለች። ማኪናው መቼ ይመጣል አሉኝ?»

«በሦስት ዓመት።»

«ይኸው ሦስት ዓመት። ከቡናማዎቹ ስንት ቀሩ?»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁለት።»

«ትልቋ ያን ጊዜ ስድሳ አምስት ይሆናታል። ማኪናውን እሷ ታስነሳው?»

ከግድግዳው ወዲያ አዝራሮች ትሪ ላይ ሲወርዱ ይሰማ ነበር። ሰውየው አሁንም ነጮቹን በእጁ እንደያዘ «ፕላስቲክም ይሰነጠቃል?» አለ።

«ሰው የሠራው ነገር ሁሉ ይሰነጠቃል፣ ጌታይ። የሚሰማው ሰው ነው የሚጠፋው።»

ሰውየው ነጮቹን አዝራሮች ወደ ሣጥኗ መለሳቸው። ክራቸው ተወሳስቦ ስለነበር ጊዜ ወሰደበት፤ ኣያ ጠዓመም አላገዙትም። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ «የሚተርፉ» የሚለውን ሰረዘና በላዩ «ባሉበት የሚቆዩ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሲወጣ በመልቀሚያው ክፍል አለፈ። ጽገ ቀና ብላ «ትርፍ ነገር እንዳይረሱ፣ ጌታዬ» አለችው ጥርት ባለ አማርኛ። ጆሮው ቀላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። አሥራ አንዱም ባሉበት ይቆያሉ፤ ማኪናው ሲገባ ሥራውን የሚማሩትም እነሱ ናቸው። መልቀሚያው ክፍል ውስጥ ስነግራቸው እልልታው እስከ መጋዙ ክፍል ደረሰ። ኣደይ ኣብርሄት ጽገን በጥፊ መሰል ነገር ጉንጯን መቷትና አቀፏት። ሁለተኛውን ገጽ ግን አላነበብኩላቸውም። አቶ ጠዓመ በቋንቋ ጉድለት ምክንያት ኩባንያውን ለስሕተት ስለዳረጉ ተግሣጽ በማኅደራቸው ይቀመጥ፤ የማታ የአማርኛ ትምህርት ይከታተሉ፤ ከእንግዲህ ዕቅዱ በዩኒቨርሲቲ በተማረችው ጸሐፊ ይዘጋጅ ይላል።

ይህን ለእሳቸው ብቻ አነበብኩት። ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር። «ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ፣ ኣያ። ቃሉ የእኔ ነው እላለሁ።»

«ትጽፊና የአሥራ አንዱን ጉዳይ እንደገና ይከፍቱታል» አሉ። «ተዪው። ለሃያ ሴት ተተኪ ሳስብ ለራሴ አንድ አዝራር እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር። እነሱ አሰቡልኝ።» ሣጥኗን አንሥተው የእኔ ጠረጴዛ ላይ አኖሯት።

የማታውን ትምህርት ሳያጓድሉ ተማሩ። ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ከፋብሪካው ሲወጡ ጽገ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። «ኣያ ጠዓመ፣ የቤት ሥራዎን ሠሩ?» «ሠራሁ፣ ካንቺ ግን አልቀዳሁም።» የሚያስተምራቸው መምህር ከመጨረሻ ልጃቸው ያንሳል። ፈተናውን ከክፍሉ አንደኛ ሆነው አለፉ፤ ስለ እሱ ሲጠየቁ «መምህሩ ስለ ሽበቴ ነው ያዘነልኝ» ይላሉ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደሆነ የነገርኳቸው ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ነው። ኮምቢሽታቶ በሚባለው የከተማችን ዋና ጎዳና ላይ ሰው ሁሉ ለብሶ ይንሸራሸራል። እሳቸው ወደ ጥራቮሎ ሰፈር፣ ወደ ቤታቸው፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር፤ እሑድ አይጋልቡባትም፣ ይዘዋት ይሄዳሉ። ደስ አላቸው፣ አልደበቁም።

«ጻፊ» አሉኝ። «ኣብርሄት ‹አንተ ሰውዬ› ማለቷንም ጻፊ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ መኖሩንም። ቃሉ የእኔ ነው ያልኩትንም ካሻሽ ጻፊው፤ ደግ ሰው ነው ቢሉኝ ምን ይጎዳኛል?» ትንሽ ሄዱና ብስክሌቷን አቆሟት። «አንዲት ነገር ግን ተዪልኝ።»

እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።

«ቃሉን አይቼው ነበር፣ ጓለይ። ወረቀቱን ከመፈረሜ በፊት አንብቤዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ደሴ ላይ የአውቶቡስ ረዳት ክንዴን ይዞ ‹ትርፍ ነህ፣ ውረድ› ብሎ በዝናብ አውርዶኛል፤ ያን ቃል በአማርኛ የማላውቀው እንዳይመስልሽ። ግን ዩኒቨርሲቲ የተማረች ልጅ ጽፋዋለች፣ እኔ አራተኛ ክፍል ያልደረስኩ ሰው ምን ብዬ ላርማት? ደግሞም ከሰው ፊት ቀና ብለሽ መናገር የጀመርሽው ገና ያን ሳምንት ነበር። ላሳፍርሽ ፈራሁ። አሥራ አንዱን ልጆች ይዤ፣ እያወቅሁ፣ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ይህችን አትጻፊያት።»